ከበርሜል የወጡ ሦስት ዓሦች

ልጅ ሳለሁ አንጀቴን የበላ ተረት፣ ይኸው ካደግሁ በኋላ ደሜን ያፈላዋል።

ያኔ ድሬ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየግቢው በርሜል ነበረ፤ በየበርሜሉም የትንኝ እጭ እየለቀመች የምትበላ ትንሽ ግራጫ ዓሣ። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት እንደ እርሾ ይቀባበላት ነበር።

መብራት በጠፋ ምሽት በሶማሊኛ «አጎት» ለማለት አዴር ሮብሌ የምንላቸው ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት የጭነት መኪና ሾፌር፣ ፋኖሳቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ሻይ የጣዱበትን ፍም እየቆሰቆሱ ስለ አንድ ግመል ነጂ ያወሩልን ነበር። ሰውዬው በረሃ ላይ፣ በደረቀ ኩሬ የምትንፈራፈር ዓሣ አግኝቶ፣ ከሚጠጣው ውሃ አካፍሏት፣ ምንጭ ድረስ ተሸክሞ ይለቃታል። እዚህ ሲደርሱ ጭሱ ይሁን ተረቱ እንጃ፣ ዓይናቸው እንባ ያቀር ነበር።

«ነፍስ ያለው ነገር ደረቅ ላይ አይጣልም፣ ወላሂ! ሰማችሁ?»

ሰማሁ እንጂ! ቅዳሜ በርሜል ሲታጠብ ሌሎቹ ዓሦቹን ለድመት ሲጥሉ፣ እኔ ጀግናዋ ሦስቱን በወተት ጣሳ ይዤ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ የምትኖረው አክስቴ ዘንድ ሄጄ ምንጯ ውስጥ ለቀቅኋቸው። አዴር ሮብሌ ይህን ሲሰሙ ግንባሬን ሳሙኝ።

ምነው እጄን በቆረጠው!

ያቺ ዓሣ እንቁላል አትጥልም፣ ልጅ ነው የምትወልደው፤ ተራባች። በምንጩ የነበሩትን ጥቁር መስመር ያላቸውን ትንንሽ ዓሦች ጨረሰች፣ የእንቁራሪቶቹን እንቁላል በላች። ያኔ አክስቴ ቤት በእንቁራሪት ጩኸት መደማመጥ አይቻልም ነበር፤ አሁን ጭጭ ነው። በአጎበር አጥምጄ ባልዲ ሙሉ አወጣለሁ፤ በወሩ ሞልተው ይጠብቁኛል። ምንጩን እንዳናደርቀው ደግሞ የአክስቴ ማሳና ፍየሎች የሚኖሩት በእሱ ነው። አቦ፣ ምን ዓይነት ጣጣ ነው!

አክስቴ በሄድኩ ቁጥር «ይሄን የጨመረ የእኔን ያህል ይቃጠል» ትላለች። ባለፈው እሁድ አላስችል አለኝ።

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ጎመኗን መቀንጠስ ሳታቋርጥ። «ጣሳሽ እቤት አለ እኮ። ተቃጥለሽ እስክትናገሪ ነው የጠበቅኩሽ።»

አዴር ሮብሌ ካረፉ ቆዩ። ተረታቸውን ለልጄ ሳወራላት ግመል ነጂው ምንጩ ጋ ሲደርስ እዚያው አቆማለሁ። «ከዚያስ?» ትለኛለች። ከዚያማ እንቁራሪቶቹ እንዴት ይጮኹ እንደነበር በአፌ አሰማታለሁ፤ ሌላ ከየት ትሰማዋለች?