የወንድሜ የባሩድ መስፈሪያ

"ኤርጊቾ የለም፤ ታዲያ ይህን ጥይት ማን ሞላው?"

ዛሬ ጠዋት አባቴ ከርከሮ ሊያድን ጠመንጃውን ይዞ ሲወጣ በር ላይ ያስቆሙት ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ከፎንቆ ከተማ ለቅሶ ሊደርሱን የመጡ ጠመንጃ ጠጋኝ ናቸው።

"እኔ ነኝ" አልኩ፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

ባዶ ቀለህ እየሞላ ለአባቴ ጥይት የሚያዘጋጀው ታላቅ ወንድሜ ኤርጊቾ ነበር። በወባ ካጣነው ወር አለፈው። ከርከሮ ደግሞ ሐዘን አያውቅም፤ እንሰታችንን እየቆፈረ ነው።

ስለዚህ በወንድሜ መስፈሪያ እኔ ሞላሁ። መስፈሪያዋን ከጥቁሩ ባሩድ ከረጢት ጋር በገመድ አስሯት ነበር፤ አላመቸኝምና ገመዱን ቆረጥኩት። ጥቁሩ ባሩድ ስላለቀ ከሌላ ጠመንጃ፣ ከምንሽር ጥይት ያወጣሁትን ባሩድ እስከ አፏ ሰፈርኩ። በሂሳብ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ።

ጋሽ ሸምሱ አንዱን ጥይት ፈተው ባሩዱን መዳፋቸው ላይ አፈሰሱት።

"ልጄ፣ የዚህ ጉልበቱ ሌላ ነው። በጥቁሩ ልክ ከሞላኸው ይህ አሮጌ ጠመንጃ አይችለውም። አባትህ ፊት ላይ ይፈነዳ ነበር።"

አባቴ አልተቆጣኝም። ጠመንጃውን መልሶ ሰቀለና አጠገቤ ተቀመጠ።

ወንድሜ መስፈሪያዋን ያሰራት እንዳትጠፋ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌላ ባሩድ እንዳይሰፈርባት ኖሯል።

አባቴን ስላቆየልኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ጋሽ ሸምሱ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ገመዱን መልሼ ቋጥሬዋለሁ።

ከእናንተስ መካከል፣ በሞት የተለየው ሰው ያደረገው ነገር ምክንያቱ ዘግይቶ የገባው አለ? ንገሩኝ፤ አነባለሁ።