ሽማግሌ የተላከበት ሥራ

የሕግ ቢሮው ሲደውልልኝ ላይብረሪ ውስጥ ነበርኩ። የደወለችው ቅጥር የምታስተናግደው ልጅ ናት። ድምፅዋ ትሁት ነው፤ ግን ጭንቅ ብሏታል።

"ሦስት ትልልቅ ሰዎች ስለ አንቺ ሊያነጋግሩን መጥተው እንግዳ መቀበያው ላይ ቆመዋል። ወንበር ብንሰጣቸው አንቀመጥም አሉ። ውሃም እምቢ አሉ። ተቃውሞ ነው እንዴ?"

"ከኮቱ በላይ ነጭ ነገር የደረበ አለ?" አልኳት።

"አዎ፣ ብርድ ልብስ የሚመስል።"

ጉዴ ፈላ! ጋሼ ናቸው። ጋሼ ከከተማው ወጣ ብሎ ስኔልቪል የሚኖሩ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ ቤታቸው የሚሮጥ፣ ጋቢያቸውን ሳይደርቡ ለቁም ነገር የማይወጡ የአባቴ ታላቅ ወዳጅ ናቸው። መጽሐፌን እንኳ ሳልዘጋ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እዚህ አገር የሕግ ተማሪ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ ትልልቆቹ ቢሮዎች ጥቂት ሰው መርጠው አንድ ሰመር፣ ትምህርት በሚዘጋበት ወቅት፣ ያሠራሉ። ሰመሩን ደህና የሠራ ሲመረቅ እዚያው ይቀጠራል። ያልተመረጠ ግን በኋላ ያንን በር ማስከፈት አበሳ ነው። እኔ ሠላሳ ቦታ አፕላይ አድርጌ ሃያ ስምንቱ ዝም አሉኝ፣ አንዱ አይሆንም አለኝ። የቀረኝ ይሄ የደወለልኝ ብቻ ነበር፤ ዳውንታውን፣ መሃል ከተማው ላይ፣ አባቴ ከሚሠራበት ፓርኪንግ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ።

አባቴ እዚያ ፓርኪንግ ከአሥር ዓመት በላይ የሰው ቁልፍ ሲቀበልና ሲመልስ ኖሯል። የሕንፃውን ጠበቆች በስም ሳይሆን በመኪና ነው የሚያውቃቸው። ማን ማለዳ እንደሚገባ፣ የማን የኋላ ወንበር በሕፃን ብስኩት እንደተሞላ፣ ማን ቁልፉን ሲሰጥ ዓይን እንደሚያይና ማን እንደማያይ ይነግረኛል። በኢንተርቪው ቀን ያነጋገረችኝ ከቢሮው ባለድርሻዎች አንዷ፣ ጸጉሯ የሸበተ ጠበቃ፣ ከሚያዩት ወገን ነበረች።

ኢንተርቪው በጣም ጥሩ ሄደ። እስከ ሊፍቱ ስትሸኘኝ፣ እንዲሁ ለጨዋታ ያህል፣ ቤተሰቦችሽ እዚሁ ናቸው ወይ አለችኝ። ሊልበርን ናቸው አልኳት። አባትሽ ምን ይሠራል?

"ትራንስፖርት።"

ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ፤ መኪና ነው፣ ይንቀሳቀሳል። ግን በዚያች ሰዓት የመኪናዋ ቁልፍ አባቴ እጅ ላይ ነበር። እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። በአባቴ ሥራ አፍሬ አላውቅም ነበር። ያ ቃል ከየት መጥቶ አፌ ውስጥ ገባ? እስካሁን ይገርመኛል።

ማታ አባቴ ራት ላይ ያፋጥጠኝ ጀመር። ስንት ሰው ነበር? መጀመሪያ ማን ተናገረ? በመጨረሻ ምን አሉሽ?

"ተመካክረን እናሳውቅሻለን አሉኝ።"

"አሃ!" አለ። "ማን ይዞሽ ሄደ?"

"ማንም። ሬዙሜዬ።"

"ወረቀት ብቻ? ሰው የሌለሽ ይመስላቸዋል እኮ!"

ሳቅኩበት። ያኔ ነበር መጠርጠር። በእኛ ወግ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ የልጅቷ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። "ተመካክረን እናሳውቃችኋለን" ይላል። እምቢታ አይደለም፤ ከልባችሁ ከሆነ ተመለሱ ማለት ነው። ሽማግሌውም ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ የቀረበለትንም አይቀምስም። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ሲያገባ አይቻለሁ። ለሥራ ይደረጋል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

ዳውንታውን ስደርስ ጋሼ ከሁለት ታክሲ ነጂ ጓደኞቻቸው ጋር ከሕንፃው እየወጡ ነበር። ሦስቱም ፊታቸው በርቷል።

"ጋሼ፣ ምን ብላችኋቸው ነው?"

"ሰላምታ የለም መጀመሪያ?"

"እንደምን ዋሉ። ምን አላችኋቸው?"

"ሽማግሌ የተነጋገረውን ለልጅቷ አያወራም" አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ።

አባቴ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ያንን ብርቱካናማ ቬስቱን ለብሶ ቆሟል። ጮህኩበት። በሰው ፊት ጮህኩበት፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። "ሥራዬን ገደልከው! ይሄ እኮ ሠርግ አይደለም!"

"የጠበቃዋን ቁልፍ እየተቀበልኩ ልጄን ቅጠሪልኝ ልበላት? ነውር ነው። ለዚህ ነው ሰው የሚላከው።"

"አባቴ አንተ መሆንህን ነግረዋታል?"

"እንዳትናገሩ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። አንቺስ ነግረሻታል?"

የመኪናዬን ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ መፈለግ ጀመርኩ።

"ይኸው" አለና የመጣ መኪና ለመቀበል ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ጠበቃዋ ራሷ ጠራችኝ። ተቀመጪ ስትለኝ ቶሎ ተቀመጥኩ፤ አለመቀመጥ የዘር እንዳይመስላት ፈርቼ። ጉዳዩን ሳታወላዳ ነገረችኝ። በቢሮው ደንብ፣ ስለ አመልካች ከውጭ ሰው መጥቶ ያነጋገረው ጠበቃ ድምፅ አይሰጥም። ሽማግሌዎቹን ያነጋገረችው እሷ ስለሆነች ከድምፅ ሰጪዎቹ ወጥታለች። ነገ የሚወስኑት ሌሎቹ አምስቱ ናቸው።

"የእኔን ድምፅ አግኝተሽ ነበር" አለችኝ።

እንባዬ መጣ። አባቴን እንዴት አድርጌ እንደማየው አላውቅም ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከእንባዬ በላይ ሌላ ነገር እየበላኝ ነበር።

"ምን አሉዎት?" አልኳት።

"አታውቂም?" አለች፤ ተገርማለች። ከጠረጴዛዋ ላይ ቢጫ ደብተር አነሳች። ጽፋዋለች!

አነበበችልኝ። የጋሼን እንግሊዝኛ አውቀዋለሁና በእሷ አፍ ውስጥ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ልጃችንን ቅጠሩ ልንል አልመጣንም፤ መቅጠር የእናንተ ነው። የመጣነው ሰው እንዳላት እንድታውቁ ነው። ብታጠፋ፣ ሳታባርሯት በፊት ለእኛ ንገሩን፤ ቁጭ አድርገን እንመክራታለን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ እዚህ ስትሠራ ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበላው?

"አልመለስኩላቸውም" አለች ደብተሩን ዘግታ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስሠራ ምሳዬን ኮምፒውተሬ ፊት ነው የምበላው። ለመሆኑ ማነው የላካቸው? ብጠይቃቸው ሦስቱም ጣሪያውን አዩ።"

ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላትና እየሄድን ንገሪኝ ብላኝ ተነሳች። ሊፍቱ ውስጥ ቁጥሮቹ ሲወርዱ እያየሁ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ብነግራት "ትራንስፖርት" ያልኩት ይወጣል። በኢንተርቪው ላይ አባቷን የደበቀች ልጅ፣ ለነገዎቹ አምስት ሰዎች የሚበቃ ወሬ ነው። ባልነግራትስ? አባቴ ራሱ አትንገሩ ብሏል። ማን ያውቃል?

ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ አባቴ መኪናዋን አምጥቶ ወረደ። በሩን ከፈተላት። እንደ ሁልጊዜው ሰላም አላት። ከዚያ እኔን አየኝና እንደማያውቀኝ መንገደኛ በዓይኑ አልፎኝ ወደ ጎማው ተመለከተ።

ወደ እሱ ጠጋ አልኩ።

"የላካቸው እሱ ነው" አልኩ። "አባቴ ነው።"

አባቴ ቀና ብሎ በአማርኛ አፈጠጠብኝ። "አንቺ ልጅ! ገና ድምፅ አልሰጡም እኮ!"

"ምን አለሽ?" አለችኝ ጠበቃዋ።

"ነገ እስኪወስኑ መጠበቅ ነበረብሽ አለኝ።"

"ትራንስፖርት" አለች ቀስ ብላ።

"አፍሬ ነው" አልኩ። "ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አፍሬ ነው።"

አባቴ ሰማ። እንግሊዝኛው ለዚህ ይበቃዋል። በሩን እንደያዘ በእጁ ወንበሩን አመለከታት፣ ይግቡ፣ ይረፍድብዎታል በሚል ዓይነት። እሷ ግን ቦርሳዋን መኪናው ጣሪያ ላይ አስቀመጠችና ቀጥ ብላ ቆመች።

"አልቀመጥም" አለችው። "መጀመሪያ ጉዳዬን ይስሙኝ። ሽማግሌዎቹ ጠይቀውኝ ያልመለስኩት ነገር አለ። ቢቀጥሯትም ባይቀጥሯትም ሰኞ ሰኞ ምሳ ከእኔ ጋር ትበላለች። ይፈቅዳሉ?"

አባቴ ወደ እኔ አየ፣ ወደ እሷ አየ። ቬስቱን እንደ ጋቢ ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ።

"ተመካክረን" አለ፣ "እናሳውቅዎታለን።"

በማግስቱ አራት ለአንድ ተቀበሉኝ፤ ያቺ አንድ የማን እንደሆነች እስካሁን ይበላኛል። የጠበቃዋን መልስ ግን አባቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ አቆየባት።