የአባቴ መነኩሴ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኔ ይህን ተረት አንድ ቀንም ችላ ብዬው አላውቅም። አየር ጤና ታክሲ ተራው ላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ሥዕል አንጠልጥለው ለሌለ ገዳም የሚለምኑ ስንቱን አይቻለሁ! ስለዚህ ቢጫ ቆብ የደፉ አንድ አዛውንት መነኩሴ ኮልፌ ቤታችን መመላለስ ሲጀምሩ መጀመሪያ ያየሁት እግራቸውን ነው። ጫማቸው አዲስ ነበር። አልወደድኩትም።

ያመጣቸው አባቴ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ የአናጢነት ሥራውን ትቶ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄድም ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ከቅዳሴ በኋላ አብረው ይመጡና መነኩሴው ሐይቅ መካከል ስላለው ገዳማቸው ይተርካሉ። የመጀመሪያዎቹ መነኮሳት ወንጌል ሊሰብኩ ከሩቅ አገር መጥተው በደንገል ታንኳ ወደ ደሴቱ ሲሻገሩ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሰላይ መስለዋቸው ጎጇቸውን ስንት ጊዜ እንዳፈረሱባቸው ይነግሩናል። አባቴ ዓይኑ እንባ እያቀረረ ያዳምጣል። እኔ በልቤ የዓሣ አጥማጆቹ ወገን ነበርኩ።

አንድ ረቡዕ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሷ ሳታውቅ እንጨርሰው» ሲላቸው ከበር ውጪ ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ቤቱን ሊያስፈርሙት ነው! በማግስቱ የቤቱን ካርታ ወስጄ አስኮ አክስቴ ዘንድ ደበቅኩ። ያም አልበቃኝም። ሰውየው መነኩሴ አለመሆናቸውን ለአባቴ ማሳየት አለብኝ አልኩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ የጾሙ ሽሮ ውስጥ ቅቤ ጨመርኩበት። እውነተኛ መነኩሴ ከሆኑ ሽታው ይነግራቸዋል፤ ካልሆኑ ይበሉታል። አባቴ ከዚያው ትሪ እንደሚቆርስ እንዴት እንደዘነጋሁ አላውቅም።

መነኩሴው ባርከው እጃቸውን እንደዘረጉ ወዲያው መለሱት። የአባቴንም እጅ ያዙ። እሱ ግን አንድ ጉርሻ ውጦ ነበር። አየኝ። ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። እፍረቱ ፊቴን አቃጠለው።

መነኩሴው አልተቆጡም። «ልጄ፣ አባትሽ ልመንኩስ ብሎ ለመነኝ» አሉኝ። «ሳይነግርሽ ሊሄድ ነበር። ልጅህ ካልፈቀደች አልወስድህም አልኩት። የምመላለሰው አንቺን ላስፈቅድ ነው።»

«ቤቱስ?» አልኳቸው፤ አፌ አያርፍም።

«ቤቱ ያንቺ ነው። የሚመነኩስ ሰው እንደ ሞተ ተቆጥሮ ፍትሐት ይደረግለታል። ሙት ቤት ይዞ አይሄድም።»

«መጥቼ እጠይቀዋለሁ?»

መስቀላቸውን እያገላበጡ፣ «ደሴቱ ላይ ሴት አትወርድም» አሉኝ።

ሊወስዱብኝ እንደመጡ መጠርጠሬ ልክ ነበር። የሳትኩት የሚወስዱት ቤቱን ነው ማለቴ ላይ ነው።

አባቴ ከጓዳ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «አባዬ፣ እኔን ጥለህ?» አልኩት።

«አንቺ እሺ ካልሽ ነው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

እሺ ማለት አቃተኝ። «አልፈቅድም» አልኩ። መነኩሴው መስቀላቸውን አሳልመውን ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጡም።

አባቴ እስከ ዛሬ አብሮኝ ይኖራል። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ብቻ በጾም ቀን ምግብ ሳቀርብለት፣ ጎንበስ ብሎ ሳያሸት አይቆርስም።