አፏን ያልከፈተችው ባዝራ

ባለፈው ሳምንት ወደ ሳጉሬ ስሄድ ሚኒባሳችን መሀል መንገድ ላይ በቆመ ጋሪ ምክንያት ተገትሮ ቀረ። ባለጋሪው ባዝራውን ልጓም ሊያጎርሳት ይለምናታል፤ እሷ ጥርሷን ነክሳ አንገቷን ወደ ላይ ትሰቅላለች። ተሳፋሪው ሁሉ ሲነጫነጭ እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ጤንነቴን ሳይጠራጠር አልቀረም።

በደርግ ዘመን አሰላ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለወላጆች ቀን ቴአትር ጽፌ ነበር። የጋሪ ፈረሶች ጌታቸውን አባርረው ከመካከላቸው አንዱን አለቃ ያደርጋሉ። አለቃው ልጓሞቹን «ለጥንቃቄ» ብሎ ይሰበስባል፤ ቆየት ብሎም አንድ በአንድ ያጎርሳቸዋል። በመጨረሻ አንዲት ባዝራ ብቻ አፌን አልከፍትም ትላለች። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ፈረስ ነው ያልኩት፣ ሰው አላልኩም!

ጽሑፎችን የሚመረምረው ጓድ ታደለ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሸወድ አልነበረም። ሁልጊዜ የሚያስል፣ ካፖርቱን በግንቦትም የማያወልቅ ቀጭን ሰው ነው። ቢሮው አስጠራኝ።

«ይቺ ባዝራ መጨረሻ ላይ አፏን ትክፈት።»

«ለምን፣ ጓድ?»

«ስለሚርባት ነዋ! ካልከፈተች ቴአትሩም የለም፣ አንቺም ለፈተና አትቀመጪም።»

አባቴ እዚያ ፈተና ላይ እንድደርስ ነበር ከጢቾ ገብስ እያመላለሰ ሲሸጥ የኖረው። እያለቀስኩ የባዝራዋን አፍ አስከፈትኩት።

ቀኑ ደረሰ። ከጭላሎ የወረደው ጉም አዳራሹ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ነበር። ባዝራዋን የምትጫወተው የሳጉሬዋ ጫልቱ ናት፤ እናቷ ያመጡትን የገብስ ጭኮ ከመጋረጃው ጀርባ ስንቀማማ የሁላችንም ጣት ቅቤ በቅቤ ሆኗል። አባቷ ኦቦ ገመዳ ባለጋሪ ጓደኞቻቸውን አስከትለው መሀል ላይ ተቀምጠዋል። የእኛ አገር ሰው ተረት ሲነገረው ዝም ብሎ አይሰማም፤ ይመልሳል፣ ይመክራል፣ ይቆጣል። ይህን እኔም ጓድ ታደለም ረስተነው ነበር።

አለቃው ልጓሙን ወደ ጫልቱ አፍ ሲያስጠጋ ኦቦ ገመዳ ብድግ አሉ።

«ሂን ባኒን! አትክፈቺ ልጄ!»

ባለጋሪዎቹ ተቀበሏቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ሲለጉሙ የኖሩ ሰዎች! ከዚያ አዳራሹ በሙሉ በኦሮምኛም በአማርኛም «አትክፈቺ!» አለ። ጫልቱ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ጥርሷን ነከሰች። መጋረጃው በጭብጨባ ተዘጋ።

ጓድ ታደለ ወደ ጀርባ ሲመጣ ፈተናው ቀረብኝ አልኩ።

«ጽሑፉ ላይ ከፍታለች ነው የሚለው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አዎ፣ ጓድ። እርስዎ እንዳሉኝ ነው የጻፍኩት።»

ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። «እንግዲያው እኔም ከፍታለች ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው» አለና አሳለ። ከጭኮውም ቆንጠር አድርጎ ወጣ።

ፈተናውን ተቀመጥኩ፣ አለፍኩም፤ ዕድሜዬንም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ደስ ብሎኝ ኖርኩ። ተማሪዎቼ ስለ ሥልጣንና ስለ ነፃነት ልብ ወለድ ሲጽፉ ክፉውን አለቃ አሳምረው ይስሉታል፤ እምቢ ባዩንም እንደዚያው። እኔም በቴአትሬ ውስጥ ያስገባሁት እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነበር። ራሱ ልጓም ጎርሶ የኖረ፣ ሌላዋ ስታመልጥ ግን አይቶ እንዳላየ የሚሆን ፈረስ መኖሩን አላውቅም ነበር። ዛሬ ያለሁት በእሱ ነው።