በግዝት የታሰረ አክሲዮን

ነገሩ የሆነው በሚሌኒየሙ ሰሞን፣ አክሲዮን መግዛት እንደ ወረርሽኝ በተዛመተበት ጊዜ ነው። በመሐል ሜዳ ከተማ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። የአንድ ሽማግሌ እጅ ሲንቀጠቀጥ ያየሁበት ያ ቀን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ለሠርጌ ያጠራቀምኩትን በሙሉ፣ ሥራ ሊጀምር ጥቂት የቀረው ባንክ አክሲዮን ገዛሁበት። አከራዬ ጋሽ ጥላዬም በጎቻቸውን ሸጠው እንደኔው ገዙ። ፊደል ስላልቆጠሩ የምስክር ወረቀቱን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጧት ከደብረ ብርሃን የመጣ ሚኒባስ ወሬ ይዞ ገባ። ባንኩ ሳይከፈት ሊፈርስ ነው፣ እዚያ አንድ ነጋዴ አክሲዮኑን በግማሽ ዋጋ እየሰበሰበ ነው፣ እሱም እስከ ማታ ብቻ ነው ተባለ። ዘወትር "ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር" የሚሉን ርዕሰ መምህራችን ሳይቀሩ ወደ መናኸሪያ ሮጡ። እኔም ወደ ጋሽ ጥላዬ በረርኩ።

"ይነሱ፣ አብረን ሄደን እንሽጥ!"

ሳጥናቸውን ከፍተው ወረቀቱን አወጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጥቂት አዩትና መልሰው ቆለፉበት።

"አልችልም፣ መምህር። የንስሐ አባቴ በግዝት አስረውኛል። ክፉ ወሬ በሰማሁ ሰባት ቀን ሳይሞላኝ አልሸጥም።"

"እሳቸው ምን አገባቸው?" አልኩ በንዴት።

"ራሴ ነኝ ግዘቱኝ ያልኋቸው። የበልግ ዝናብ የቀረ ዓመት አገሩ ሁሉ በጉን ወደ ገበያ ሲነዳ እኔም ነዳሁ። አንዲት ጠቦት ሳላስቀር በርካሽ ሸጥሁ። በሳምንቱ ዘነበ። ያን ለት ልቤን አወቅኋት፤ ሰው ሲሮጥ ካየች አትቆምልኝም።"

"ታዲያ አሁን አልፈሩም?"

"ካንተ ይልቅ ፈርቻለሁ እንጂ!"

ትቻቸው ሄጄ ሸጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ወረቀቱን ሳስረክብ እፎይ አልኩ።

ወሬው ሳምንት አልቆየም፤ ባንኩም ተከፈተ። የእኔ ሠርግ ግን ሁለት ዓመት ተራዘመ። ሲደርስ ጋሽ ጥላዬ ሙክት እየጎተቱ መጡ። ከአክሲዮኑ ትርፍ የገዙት ነበር።

ደፋር ሰው ብዙ አይቻለሁ። እየፈራ፣ ፍርሃቱን አስቀድሞ አስሮ የጠበቀ ሰው ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት። አሁንም ሳስበው ይገርመኛል።

በቅርቡ ደግሞ ሰው ሁሉ ቦታውን እየሸጠ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። የቦታዬን ካርታ ከሳጥን ሳወጣ እጄ ተንቀጠቀጠ። መልሼ ቆለፍኩበትና ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

"አባ፣ ይግዘቱኝ" አልኳቸው።