ረግረጉ ውስጥ ያለው ጠበል

ትናንት በምሠራበት ሆስፒታል፣ አንዲት ታማሚ የጠበል ጀሪካኗን ስትከፍት የዛገ ብረት ሸተተኝና ልጅነቴ መጣብኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። የታመመች እናቴን ተከትዬ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ፣ ረግረግ መካከል ወደሚፈልቅ ጠበል ሄድኩ። መሬቱ እንደ ፍራሽ ይሰረጎዳል። እናቴ እጄን ለቀቀችና «ሣር የበዛበትን እየመረጥሽ ቅደሚ» አለችኝ። ፈራ ተባ እያልኩ ተሻግሬ ዞር ስል፣ ከማዶ ቆማ ታየኛለች።

«እማዬ፣ ምነው ቀረሽ?»

«ብቻሽን መሻገርሽን ልይ ብዬ ነው» አለችና ቀስ ብላ መጣች።

ጠበሉ ዘንድ ያገኘናቸው መነኩሲት «እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ» ሲሏት፣ «እኔስ የመጣሁት ለእሷ ነው፣ እማሆይ» ብላ ወደ እኔ አመለከተች። እኔን ምንም አላመመኝም ነበር። ሆኖም የማላውቀው በሽታ ይኖርብኛል ብዬ ያንን የዛገ ብረት የሚሸት ቀይ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጥርሴ እስኪደነዝዝ ጠጣሁ።

እናቴ ፋሲካን ሳታይ ሞተች። አክስቴ ልትወስደኝ ከጎንደር ስትመጣ ልብሴን ራሴ አጣጥፌ ደጅ ላይ ጠበቅኳት። «ይቺ ልጅ አታለቅስም እንዴ?» አለች ለጎረቤቶቻችን። በማን ጉያ እንደማለቅስ ግን አላወቅኩም ነበር።

ዛሬ ከእናቴ ዕድሜ አልፌያለሁ። ትናንት ታማሚዋን የሚጠይቃት ሰው ሳይመጣ መሸ። የነርስነት ተራዬን ጨርሼ፣ ቦርሳዬን እንደያዝኩ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ።