አማቴና የለበጥኩት ድንጋይ

ባለፈው በጋ አማቴን ለጥቂት ገድያቸው ነበር። ሆን ብዬ አይደለም፤ ሚስቴ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላመነችኝም። እኔም የማልረሳው ለዚህ ነው።

ኬንያ ሞያሌ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሆቴል አለችኝ። የቆርቆሮ ፊቷን አፍርሼ፣ ፕሪካስት የሚሉትን፣ ፋብሪካ ውስጥ በቅርጽ ተሠርቶ የሚመጣውን የኮንክሪት ግድግዳ በከባድ መኪና አስመጥቼ አቆምኩ። በላዩም በስሱ የተቆረጠ ድንጋይ አስለበጥኩበት። ሲያምር! ከጎዶማ ገጠር የሚመጡ ግመሎች እንኳ ቆም ብለው አይተውት ነው የሚያልፉት።

አማቴ በእኔ ተደስተው አያውቁም። "ልጄን ቆርቆሮ ውስጥ የከተታት" ነው የሚሉኝ። ስለዚህ ለምርቃቱ ከድንበር ማዶ ከሜጋ ስጠራቸው "ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ነው!" ብዬ በስልክ ፎከርኩ። ስሜ የሚታደሰው ያን ቀን ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ተዘሏል። ኮንክሪቱ ከቅርጹ በቀላሉ እንዲላቀቅ ቅርጹ ዘይት ይቀባል፣ ዘይቱም ኮንክሪቱ ላይ ይቀራል፤ ድንጋይ ከመለጠፉ በፊት ያ ዘይት መታጠብ አለበት። ታዲያ ሞያሌ በበጋ፣ ሰው ለውሃ ጄሪካን ይዞ ተሰልፎ እያለ፣ ማን ደፍሮ ግድግዳ ያጥባል? ፉንዲ የምንለው ግንበኛችን በደረቅ ጨርቅ ወልወል አደረገና ለጠፈው።

የምርቃቱ ዕለት አማቴን እንደ ንግሥት ግድግዳው ሥር አስቀመጥኳቸው። ምግቡ ሲቀርብ አንድ የማላውቀው ሐበሻ የከባድ መኪና ሾፌር ጎማ የሚመታበትን ዱላ እንደያዘ ገባ። ሾፌሮች ጎማ መተንፈሱን በድምፁ ነው የሚለዩት። ይኼኛው ግን ልማድ ሆኖበት ያገኘውን ሁሉ ይመታል፤ ጠረጴዛውን መታ፣ ፍሪጁን መታ፣ ከዚያ ግድግዳዬን ያዘ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ መጥቶ ከአማቴ ራስ በላይ ሲደርስ ድው! አለ።

"ጋሼ፣ ይኼኛው ጎማህ ተንፍሷል።"

"አንተ ምሳህን ብላና ሂድ!"

"እማማ፣ እስቲ አንዴ ይነሡልኝ።"

"አይነሡም!" አልኩት።

አማቴ እኔን ለማናደድ ብቻ ተነሡ።

የመቃብር ድንጋይ የሚያክል ልባጥ ከግድግዳው ተላቅቆ ወረደና ወንበሩን ማገዶ አደረገው። ከጀርባው የቀረው ኮንክሪት በዘይት ያብለጨልጫል። አማቴ ወንበሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ካልፈለግኸኝ በአፍህ አትነግረኝም? ምን ይኼን ሁሉ ድንጋይ አስለጠፈህ?"

ሰው በሳቅ አለቀ። አማቴ ሾፌሩን አጠገባቸው አስቀምጠው በገዛ እጃቸው አጎረሱት፤ እኔን ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ አንዴ እንኳ አጉርሰውኝ አያውቁም።

ድንጋዩን በሙሉ አስነቀልኩ። ጎረቤት እየረገመኝ ግድግዳውን አሳጠብኩ፣ በብረት ማያዣ ደግሜ አስለበጥኩ።

ሾፌሩ ግን ስሙን ሳልጠይቀው፣ ሳላመሰግነውም ሄደ። ያ ነው የሚቆጨኝ። አሁን ወደ ናይሮቢ ለሚያልፍ ከባድ መኪና ሁሉ እጄን አነሣለሁ። ግማሾቹ ሊፍት የምለምን መስሏቸው ይቆማሉ። ይቁሙ፤ አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል።